ዋናው ላፕቶፔ ላይ ቤታ ጫንኩ፣ ለመመለስ 9 ቀን ፈጀብኝ

ቤታ ማለት ገና ያልተጠናቀቀ፣ ለሙከራ የሚለቀቅ ቨርዥን ነው፣ እኔ የጫንኩት የሲስተሙን፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰውን የዋናውን ሶፍትዌር ቤታ ነው። ያለኝ ኮምፒውተር አንድ ነው። ላፕቶፕ ነው፣ 16 ጊጋ ራም፣ 512 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ሥራዬ ድምፅ መቅዳትና ኤዲት ማድረግ ስለሆነ ዲስኩ ሁሌም ሊሞላ ጫፍ ላይ ነው፣ ያኔ ነፃ የነበረው 70 ጊጋ አካባቢ ነበር። ማይኮቹ የሚገቡት በዩኤስቢ በሚሰካ ሳውንድ ካርድ ነው። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ 1 ቴራ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሁሌም እንደተሰካ ነው የሚውለው፣ ሲስተሙ ራሱ በየሰዓቱ ባክአፕ ያደርግበታል። ስልኬ በዛው አካውንት ከላፕቶፑ ጋር ሲንክ ይሆናል፣ ኖቱም ፎቶውም ካላንደሩም። ይሄን ሁሉ የምዘረዝረው በኋላ የተቸገርኩበት ነገር እያንዳንዱ ከነዚህ ካንዱ ጋር ስለሚያያዝ ነው። የሲስተሙን ስም ግን አልጠራም፣ የደረሰብኝ ነገር በየትኛውም ቤታ ላይ ሊደርስ የሚችል ነው፣ ስም ከጠራሁ ደግሞ ወሬው የማን ሲስተም ይሻላል ወደሚለው ይሄድብኛል።

ለምን ጫንኩት? ዝም ብሎ አዲስ ነገር አምሮኝ አይደለም። የተረጋጋው ቨርዥን ላይ 5 ወር ሙሉ ያሰቃየኝ ባግ፣ የሶፍትዌር ስህተት፣ ነበር፣ ላፕቶፑን ከድኜ ስከፍተው፣ ማለትም ከስሊፕ ሲነሳ፣ ሳውንድ ካርዱን አያየውም። ነቅዬ እሰካለሁ፣ የመቅጃ ሶፍትዌሩን ዘግቼ እከፍታለሁ፣ ፕሮጀክቱ እስኪጫን እጠብቃለሁ፣ ይሄ በቀን 7 8 ጊዜ ነው። አንዴ እንደውም እንግዳ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ ለአፍታ እረፍት ወጥተን ስንመለስ፣ ወሬው ገና ሞቅ ሊል ሲል ጠፋብኝ። እና የቤታ 3 ሪሊዝ ኖት፣ ምን እንደተቀየረ የሚዘረዝረው ጽሑፍ፣ ሲወጣ ቁልቁል እያነበብኩ አንድ መስመር ላይ ቆምኩ፣ ከስሊፕ ሲነሳ አንዳንድ የዩኤስቢ ድምፅ መሣሪያዎች የሚጠፉበት ችግር ተስተካክሏል ይላል። በቃ፣ ለኔ የተጻፈ ነው የመሰለኝ።

ከመጫኔ በፊት 2 ቀን ያህል አጣርቻለሁ። የጫኑት ሰዎች ምን ይላሉ፣ ባትሪ ይበላል ወይ፣ ክራሽ ያደርጋል ወይ፣ የምጠቀምበት የመቅጃ ሶፍትዌር ይከፈታል ወይ። አብዛኛው ሰው አሪፍ ነው ነው የሚለው። አሁን ሳስበው ያጣራሁት ነገር ሁሉ ስለ መረጋጋት ብቻ ነበር። መጠየቅ የነበረብኝ ሌላ ነው፣ ባይሆንልኝ በየት በኩል ነው የምመለሰው፣ የትኞቹ ፋይሎቼ ናቸው አዲሱ ሲስተም አንዴ ከነካቸው በኋላ ለድሮው የማይከፈቱለት። ክራሽ ቢያደርግ ሪስታርት ታደርገዋለህ። ፎርማቱ የተቀየረን ፋይል ግን ሪስታርት አይመልሰውም።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ባክአፕ መኖሩን አየሁ፣ አዎ፣ ከ20 ደቂቃ በፊት ተደርጓል ይላል። እሱን አይቼ ገባሁበት። ጭነቱ 50 ደቂቃ ፈጀ። ሲነሳ ሁሉም ነገር በቦታው ነው፣ ዴስክቶፑ፣ ፎልደሮቹ፣ ፕሮጀክቶቹ። ላፕቶፑን ከደንኩት፣ 10 ደቂቃ ቆይቼ ከፈትኩት፣ ሳውንድ ካርዱ አለ! ደግሜ ከደንኩት፣ አለ። እጄ 5 ወር ለምዶበት ገመዱን ሊነቅል ሲሄድ መልሼ ያዝኩት። የዛን ቀን ደስታ አሁንም አልክደውም፣ ባጉ በእርግጥም ተስተካክሎ ነበር።

ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ላፕቶፑ ይሞቃል፣ ፋኑ አይቆምም፣ ባትሪው ከወትሮው ግማሽ ጊዜ ነው የሚቆየው። ይሄ አላስደነገጠኝም። ትልቅ አፕዴት ሲገባ ሲስተሙ የፋይል መፈለጊያ ኢንዴክሱን እንደ አዲስ ይገነባል፣ ፎቶዎችን እንደገና ያገላብጣል፣ ቤታ ላይ ደግሞ ስህተት ለማደን ሲባል ከወትሮው በላይ ሎግ፣ የሲስተሙ የሥራ መዝገብ፣ ይጻፋል፣ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መክበዱ የሚጠበቅ ነው። 4ኛው ቀን ማታ ቀዘቀዘ።

የመመለሻው በር መዘጋት የጀመረው ከዛ በኋላ ነው፣ ምንም ድምፅ ሳያሰማ። 5ኛው ቀን እየሠራሁ መልእክት ብቅ አለ፣ ባክአፕዎ ከዚህ ቨርዥን ጋር እንዲሠራ መሻሻል አለበት ይላል፣ ከታቹ ሁለት ምርጫ አለ፣ ቀጥል እና በኋላ። ቀረጻ እያዳመጥኩ ስለነበር ቀጥል የሚለውን ነካሁትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። 2 ሰዓት ገደማ ሠርቶ ጨረሰ። 6ኛው ቀን ደግሞ የኖት አፑን ስከፍት ላይብረሪው እየተሻሻለ ነው አለና ደቂቃ ሳይሞላ ተከፈተ። ማታ ስልኬ ላይ ኖቶቼን ሳይ አዲስ የጻፍኳቸው ቦታ ላይ ይህን ለማየት ሲስተምዎን ያሻሽሉ የሚል ግራጫ ሳጥን አለ። ስልኩ በተረጋጋው ቨርዥን ላይ ነበር። እኔ ቤታውን ላፕቶፑ ላይ ብቻ የጫንኩት መስሎኝ ነበር፣ ለካ በሲንኩ በኩል አካውንቴ ውስጥ ገብቷል። ያን ቀን ብነቃ ኖሮ ጉዳቱ የ6 ቀን ብቻ ይሆን ነበር። ግን አልነቃሁም፣ የስልኩ ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ትንሽ ላብራራ፣ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው። ኖት፣ ፎቶ፣ ሜይል፣ የብራውዘር ታሪክ፣ እነዚህ ሁሉ ከውስጣቸው ዳታቤዝ ናቸው፣ ብዙ ጊዜ ኤስኪውላይት በሚባለው የተሠሩ። ዳታቤዙ ውስጥ የቅርጹን ቨርዥን የሚናገር ቁጥር አለ፣ እንበል 14። አዲሱ አፕ 15 ነው የሚጠብቀው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሲከፈት የሆነ ሠንጠረዥ ይጨምራል፣ የሆነ ዓምድ ይቀይራል፣ ከዛ ቁጥሩን 15 ያደርገዋል። ከ14 ወደ 15 የሚወስደውን ኮድ ገንቢዎቹ የግድ ይጽፉታል፣ ያለሱ ማንም ሰው ዳታውን ይዞ ማለፍ አይችልም። ከ15 ወደ 14 የሚመልሰውን ግን የሚጽፍ ከስንት አንዱ ነው፣ ቢጻፍ መሞከር አለበት፣ አዲስ የተጨመረው ነገር ወደ ድሮው ቅርጽ ሲመለስ የት ይገባል የሚል ጥያቄም አለ። የድሮው አፕ ደግሞ 15 ቁጥርን ሲያይ የማያውቀውን ነክቶ ከሚያበላሽ አልከፍትም ቢል ይሻላል። ብራውዘሩ ፋየርፎክስ ለምሳሌ ከቨርዥን 67 ጀምሮ፣ በፈረንጆች 2019 ማለት ነው፣ በአዲስ ቨርዥን የተከፈተን ፕሮፋይል፣ ታሪክህና ሴቲንግህ ያለበትን ፎልደር፣ በድሮው ቨርዥን ለመክፈት ስትሞክር ያስቆምሃል፣ አዲስ ፕሮፋይል ፍጠር ይልሃል። ተጠቃሚውን ለመጠበቅ ነው፣ ልክም ነው። ችግሩ ቤታ የሚጭን ሰው ይሄ ሁሉ ለውጥ ስንት አፕ ውስጥ በአንድ ጊዜ እንደሚካሄድ አያየውም፣ እኔም አላየሁትም።

12ኛው ቀን ማታ ቤታ 4 መጣ። ቤታ 3 ስላስደሰተኝ ሳላመነታ ጫን ብዬው ተኛሁ።

ጠዋት ሳውንድ ካርዱ የለም። ነቀልኩ ሰካሁ፣ ሪስታርት አደረግኩ፣ ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ሞከርኩ፣ ሌላ ገመድ ሞከርኩ፣ የለም። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ሳይ ድራይቨሩ፣ ማለትም ሲስተሙን ከካርዱ ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር፣ ከዚህ ቨርዥን ጋር ስለማይስማማ ታግዷል የሚል ጽሑፍ አገኘሁ። የኔ ሳውንድ ካርድ ከሲስተሙ ጋር በሚመጣው የጋራ ድራይቨር አይሠራም፣ ብዙዎቹ ይሠራሉ፣ የኔው ግን የራሱ ድራይቨር አለው፣ ድራይቨሩም የሚሠራው ከከርነሉ፣ ከሲስተሙ እምብርት፣ ጋር ተጠግቶ ነው። ከርነሉ ውስጥ የሆነ ነገር ሲቀየር፣ በየቤታው ሊቀየርም ይችላል፣ ለድሮው የተሠራ ድራይቨር ቢጫን ማሽኑን በሙሉ ሊጥለው ስለሚችል ሲስተሙ ቀድሞ ይዘጋበታል። የአምራቹን የእርዳታ ገጽ ከፈትኩ፣ ገና ያልወጡ ቨርዥኖችን አንደግፍም፣ ፋይናሉ ከወጣ በኋላ አዲስ ድራይቨር እንለቃለን ይላል። አንብቤው ለትንሽ ጊዜ ተናድጄ ነበር፣ ሲበርድልኝ ግን ልክ መሆናቸው ገባኝ፣ በየሁለት ሳምንቱ ከሚለዋወጥ ነገር ኋላ እየሮጡ ድራይቨር መሥራት አይጠበቅባቸውም፣ እነሱ ቃል የገቡልኝ ለተረጋጋው ቨርዥን ነው። ወደ ቤታ 3 ልመለስ ብዬ ፈለግኩ፣ የለም፣ አዲስ ሲወጣ የድሮው ይነሳል።

ከ2 ቀን በኋላ ቀረጻ ነበረኝ። 6 ክፍል ያለው ቃለ መጠይቅ ነው፣ 3ቱ አልቀዋል፣ ይሄ 4ኛው ነበር። ለደንበኛዬ ደወልኩላቸውና ቀኑን በአንድ ሳምንት ብንገፋው ይቻል እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "እንግዳው እንኳን ሳምንት ቀርቶ በማግስቱ ይሄዳሉ፣ እባክህ እንደምንም ብለህ ቅዳልን" አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልዋሸኋቸውም፣ ኮምፒውተሬ ላይ ያልተረጋጋ ነገር ጭኜ እንደሆነ ነገርኳቸው፣ ዝም አሉ፣ ያ ዝምታ ከስድብ በላይ ነው የተሰማኝ።

በእጅ የሚያዝ ትንሽ መቅጃ ተውሼ በሱ ቀዳሁት። ሳምፕል ሬቱን፣ ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ የሚናገረውን ቁጥር፣ ከመጀመሬ በፊት ማየቴ ጠቀመኝ፣ መቅጃው 44.1 ኪሎኸርዝ ላይ ነበር፣ የቀደሙት 3 ክፍሎች ግን 48 ናቸው፣ እንዳለ አስገብቼው ፕሮጀክቱ 48 ነው ብሎ ቢያጫውተው ድምፁ ይፈጥናል ይቀጥናልም። ወደ 48 ቀየርኩት። ግን የማይኩ ባህሪ ሌላ ነው፣ የራሱ ሹክሹክታ አለው፣ ክፍሉም ከመጀመሪያዎቹ 3 ይልቅ ባዶ ይመስላል። በኋላ የቻልኩትን አስተካክያለሁ፣ ሰሚዎች ምንም አላሉም፣ እኔ ግን 4ኛውን ክፍል ስሰማ አሁንም ቶሎ አውቀዋለሁ። እዛ ላይ ደግሞ የድምፅ ማጽጃ ፕለጊኑ፣ በመቅጃ ሶፍትዌሩ ላይ የሚታከል ትንሽ ፕሮግራም፣ ቤታ 4 ላይ ፕሮጀክቱን ሲከፍት ክራሽ ያደርጋል። የዛን ቀን ማታ ለመመለስ ወሰንኩ።

ለጓደኛዬ ደወልኩለት፣ የሲስተም ሥራ የሚሠራ ልጅ ነው።

"ነገ ዲስኩን አጥፍቼ የመጀመሪያውን ቀን ባክአፕ እመልሳለሁ" አልኩት።

"ባክአፑ ይከፈታል?"

"በየሰዓቱ ይደረጋል እኮ።"

"መደረጉን አልጠየቅኩህም። በድሮው ሲስተም ይከፈታል ወይ ነው የምልህ። ምንም ነገር እንዳታጠፋ፣ ዲስኩን ይዘህ ወደኔ ና።"

በማግስቱ ይዤ ሄድኩ። የሱ ማሽን በተረጋጋው ቨርዥን ላይ ነው። ሰካነው። ይህ ባክአፕ በአዲስ ቨርዥን የተፈጠረ ስለሆነ መጠቀም አይቻልም አለ። ልቤ ቀጥ አለ። የመጀመሪያው ቀን ባክአፕ ውስጡ አለ፣ አልጠፋም፣ ግን ዕቃ ማስቀመጫው ራሱ 5ኛው ቀን ላይ ተቀይሯል፣ አንድ ቀጥል የሚል ቁልፍ ስነካ። ሌላ ባክአፕ የለኝም። ያለ እሱ ጥያቄ ያን ቀን ጠዋት ላፕቶፑን አጥፍቼው ነበር፣ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ላመሰግነው እወዳለሁ።

ያሉኝን መንገዶች ቁጭ ብለን አየን። እዛው ቤታው ላይ ቆይቶ ፋይናሉን መጠበቅ አንዱ ነው፣ ግን ሳውንድ ካርድ የለኝም፣ ሥራዬ ደግሞ እሱ ነው፣ ፋይናሉ ቢያንስ 2 ወር ይቀረዋል። ከዚህ በኋላ አፕዴት ሳያደርጉ መቆየትም ለዘላለም አያዋጣም፣ ብዙ ቤታዎች የማብቂያ ቀን አላቸው፣ አፕል በሴፕቴምበር 2000 የለቀቀው የማክ ኦኤስ ኤክስ ፐብሊክ ቤታ እንኳን ሰው በ29.95 ዶላር የገዛው ሆኖ ሳለ ሜይ 15 ቀን 2001 ላይ መሥራት እንዲያቆም ተደርጎ ነው የተሠራው። ወደ ኋላ መመለሻ የሚሰጡ ሲስተሞችም አሉ፣ ዊንዶውስ ትልቅ አፕዴት ሲገባ የድሮውን ዊንዶውስ ኦልድ የሚል ፎልደር ውስጥ ያስቀምጥና ለ10 ቀን ያህል እንድትመለስ ይፈቅዳል፣ ከዛ ቦታ ለመቆጠብ ያጠፋዋል። የኔ ሲስተም እንደዛ ያለ ነገር የለውም፣ ቢኖረውም ችግሬ የገባኝ 13ኛው ቀን ላይ ነው፣ 10ሩ ቀን አልፏል። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ጋ ይመስለኛል፣ የመጀመሪያው ሳምንት ሰላም ስለሚሆን መመለሻው ሳያስፈልግህ ያልፋል።

መፍትሔው የመጣው ከራሱ ከቤታው ነው። ጓደኛዬ እንዲህ አለኝ፣ ባክአፑን ድሮው አይከፍተውም፣ ቤታው ግን ይከፍተዋል፣ ታዲያ ቤታውን ራሱን ተጠቅመህ ለምን የመጀመሪያውን ቀን ፋይሎች እንደ ተራ ፋይል አታወጣቸውም? ወደ ቤት ተመልሼ ሞከርኩት። ባክአፑን በቀን ወደ ኋላ ሄጄ ከፈትኩ፣ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ላይ ቆምኩ፣ ፎልደሮቼ ከነሙሉ ዕቃቸው አሉ። ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ ደግሞ የኖት ላይብረሪው ፋይል ነው፣ የዛን ቀን የነበረው ኮፒ ገና በድሮው ቅርጽ ላይ ነው ያለው፣ አልተነካም። ባክአፑ የተቀየረው ማስቀመጫው እንጂ ውስጡ ያለው ፋይል አይደለም።

ከዛ የመገልበጥ ሥራ ተጀመረ፣ 3 ቀን ፈጀ። ጓደኛዬ ያበደረኝ 2 ቴራ ዲስክ ላይ ሁለት ፎልደር ሠራሁ፣ አንዱ የመጀመሪያው ቀን የነበረው ሁሉ፣ ሌላው ከዛ ቀን በኋላ የተለወጠው ብቻ። ሁለተኛው ትንሽ ነው ግን አድካሚው እሱ ነው፣ ከ6ኛው ቀን ወዲህ የጻፍኳቸው 34 ኖቶች ነበሩ፣ እያንዳንዱን እየከፈትኩ ወደ ጽሑፍ ፋይል አወጣኋቸው፣ ሲወጡ የተጻፉበት ቀን አብሮ አይወጣም፣ ስለዚህ ቀኑን በፋይሉ ስም ላይ በእጄ ጻፍኩ። ፎቶዎቹ ኦሪጅናላቸው ወጣ፣ በአልበም የመደብኩት ግን ቀረ። ጥሬ ቀረጻዎቹ ሁሉ ዌቭ ፋይል ስለሆኑ ምንም አልሆኑም፣ ዌቭ ከ1991 ጀምሮ ያለ ቅርጽ ነው፣ ቤታውም ድሮውም እኩል ያነበዋል። የፕሮጀክት ፋይሎቹም ተከፈቱ፣ የመቅጃ ሶፍትዌሩ ከሲስተሙ ጋር ስላልተሻሻለ ቅርጻቸው አልተቀየረም ነበር።

መሃል ላይ አንድ ነገር ግማሽ ቀን በላብኝ። ከቀረጻዎቹ ጋር የነበረ 6 ጊጋ የሚያህል ቪዲዮ አለ፣ ወደ ተበደርኩት ዲስክ አልሄድም አለ፣ ቦታ የለም ይላል፣ ዲስኩ ግን ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። ዲስኩ ፋት32 በሚባለው ፎርማት ነበር፣ ፋት32 ደግሞ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል መያዝ አይችልም፣ የፋይሉ መጠን የሚጻፍበት ቦታ 32 ቢት ብቻ ስለሆነ። ሁሉንም መልሼ አውጥቼ ትልልቅ ፋይል ወደሚይዘው ኤክስፋት ፎርማት ቀይሬ እንደገና ገለበጥኩ። እንደዚህ ዓይነት ነገር ሰው ሲጣደፍ ነው የሚገጥመው፣ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ሃሽ፣ ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ ቁጥር፣ አስልቼ የሁለቱን ወገን ፋይሎች አስተያየሁ፣ 3 ፋይል ላይ ልዩነት ወጣ፣ ድጋሚ ገልብጬ ተስተካከሉ። ከዛም ዲስኩን ጓደኛዬ ማሽን ላይ ወስጄ ፋይሎቹን ከየፎልደሩ እየመረጥኩ ከፈትኳቸው። ያንን ሳላይ ላፕቶፑን ላለመንካት ወስኜ ነበር።

19ኛው ቀን ላይ በሱ ማሽን በተሠራ 16 ጊጋ ፍላሽ የላፕቶፑን ዲስክ ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ የተረጋጋውን ቨርዥን ከዜሮ ጫንኩ። የድሮውን የኖት ላይብረሪ ቦታው ላይ ከማስቀመጤ በፊት አካውንቴን አላስገባሁም፣ ይሄ ወሳኝ ነበር፣ ምክንያቱም አካውንቱ ውስጥ ያለው ኮፒ አዲሱ ቅርጽ ላይ ነው፣ ሲንኩ ቢጀምር የትኛው የትኛውን እንደሚያሸንፍ አላውቅም። ላይብረሪው ተከፈተ፣ እስከ መጀመሪያው ቀን ያሉት ኖቶች በሙሉ አሉ። በኋላ አካውንቱን አስገባሁ፣ የኖት ሲንኩን ብቻ አጥፍቼ። ከዛ ሶፍትዌሮች፣ ላይሰንሶች፣ ፕለጊኖች፣ ድራይቨር። አንድ ፕለጊን ላይሰንሱን መጀመሪያ ከድሮው ማሽን አላቅቅ አለኝ፣ ማሽኑ ያው አንድ ነው ግን ከተጠፋ በኋላ እንደ አዲስ ነው የሚያየው፣ ለአምራቹ ጽፌ 2 ቀን ጠበቅኩ። 23ኛው ቀን ላይ 5ኛውን ክፍል በራሴ ሳውንድ ካርድ ቀዳሁ። ሰዓቱን ጽፌ ይዤ ነበር፣ ለመመለሱ ብቻ 31 ሰዓት ሠርቻለሁ። የሸሸሁት ባግ፣ የስሊፑ፣ ያው ተመልሶ መጣ፣ ነቅሎ መሰካት በቀን 8 ጊዜ ቢሆን እንኳን አንዱ 2 ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ይሄን ሁሉ ብዬም ቤታ መሞከር ይቅር የሚል ሐሳብ የለኝም። የሞከሩት ሰዎች ባይኖሩ ሌላው ሰው ላይ የሚወድቀው ነገር ቀላል አይደለም። ኦክቶበር 2 ቀን 2018 ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10 አፕዴት ለቀቀ፣ 1809 የሚባለውን፣ አንዳንድ ሰው ላይ ዶክመንትና ፎቶ ማጥፋት ጀመረ፣ በ4 ቀን ውስጥ አስቆሙት፣ ተስተካክሎ የተመለሰው ኖቬምበር 13 ነው። የሚጠፋባቸው ሰዎች እንደ ዶክመንት ያሉትን ፎልደሮች ወደ ሌላ ቦታ አዙረው ግን የተወሰነ ፋይል በድሮው ቦታ የተዉ ነበሩ፣ አፕዴቱ የድሮውን ትርፍ ነው ብሎ ሲያጠፋ ፋይሉ አብሮ ሄደ። የሚያንገበግበው ግን ቤታ ሞካሪዎች አስቀድመው ጽፈውት ነበር፣ ፊድባክ ሃብ በሚባለው አፕ ላይ፣ ብዙ ድምፅ ስላላገኘ ነው ያልታየው። ከዛ በኋላ ማይክሮሶፍት ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ጉዳቱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያመለክትበት ቦታ ጨመረ። እኔ ያንን ሳነብ የራሴን ሪፖርቶች አሰብኩ። የመጀመሪያው ሪፖርቴ ሳውንድ ካርድ አይሠራም የሚል አንድ መስመር ነበር፣ መልስ አላገኘም፣ ማግኘትም አልነበረበትም፣ ከሱ ማንም ምንም ሊያውቅ አይችልም። ከተመለስኩ በኋላ ግን ስለ ባክአፑ መልእክት ሙሉ አድርጌ ጻፍኩ፣ የቤታውን ቁጥር፣ ምን እንደተጫንኩ በቅደም ተከተል፣ መልእክቱ ምን እንደሚል፣ ምን እንደማይል፣ ከዚህ በኋላ ለድሮው ቨርዥን አይከፈትም የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትኖር ኖሮ በኋላ የሚለውን እጫን እንደነበር። ሪፖርቱን በጻፍኩ በ6ኛው ቀን ተጨማሪ ሎግ ጠየቁኝ፣ ላክሁ።

ሎግ የላክሁት ከአዲሱ ቤታ ነው፣ አሁን በሌላ ዲስክ ላይ የተጫነ። በዩኤስቢ የሚሰካ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ገዛሁ፣ ቤታው እዛ ላይ ነው የሚኖረው፣ ለመሞከር ስፈልግ ከሱ አስነሳዋለሁ። እዛ ውስጥ ዋናው አካውንቴ የለም፣ ለሙከራ የከፈትኩት ሌላ ነው። የባክአፕ ዲስኩን ቤታው ሲነሳ ከገመዱ እነቅለዋለሁ። የላፕቶፑን የውስጥ ዲስክም ቤታው እንዳያየው የተቆለፈ ነው፣ የይለፍ ቃሉን ሲጠይቀኝ አልሰጠውም።

ፓስወርድና ቁልፍ የሚባል ነገርም እዛ አላስገባም፣ ለዚህ ደግሞ ምክንያቴ የኤክስዜድ ጉዳይ ነው። ኤክስዜድ ሊኑክስ በሚባለው ሲስተም ውስጥ ያለ ፋይል ማመቂያ ነው፣ በማርች 2024 ቨርዥን 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የጀርባ በር ተገኘ፣ ከሩቅ ወደ ማሽን መግቢያ በሆነው በኤስኤስኤች በኩል ማሽኑን ለመቆጣጠር የሚያስችል። የተረጋጉት ዋና ዋና ስርጭቶች፣ ማለትም የሊኑክስ ዓይነቶች፣ ውስጥ ገና አልገባም ነበር፣ የገባው ዴቢያን ሲድ ውስጥ፣ ፌዶራ ሮውሃይድ ውስጥ፣ እንደነዚህ ያሉ ገና በሙከራ ላይ ያሉት ውስጥ ነው፣ ኡቡንቱም የ24.04 ቤታውን በአንድ ሳምንት አዘገየው። ያገኘው ሰው አንድሬስ ፍሮይንድ ይባላል፣ ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ገንቢ ነው፣ ዴቢያን ሲድ ላይ እየሠራ ኤስኤስኤች ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አይቶ ለምን ብሎ ሲቆፍር ነው የደረሰበት። ለኔ ሁለቱም እዚህ ታሪክ ውስጥ አሉ፣ ቤታ ላይ ያለው ሰው አደጋው ቀድሞ የሚደርስበት ነው፣ ቀድሞ የሚያየውም እሱ ነው። እና እንዲያይ ከተፈለገ የሚነጠቅ ነገር ሳይዝ እዛ ቢቆም ይሻላል።

ፋይናሉ ከወጣ 5 ሳምንት በኋላ የሳውንድ ካርዱ አምራች ድራይቨሩን ለቀቀ። እስከዛ ዋናው ላፕቶፕ ላይ አልነካሁትም። መጀመሪያ በውጪው ዲስክ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ሞከርኩት፣ ቀዳሁበት፣ ከደንኩ ከፈትኩ። ከዛ ሁለተኛ ባክአፕ በሌላ ዲስክ አደረግኩ፣ ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት፣ ጫንኩ። የኖት ሲንኩን መልሼ ከፈትኩት፣ አካውንቱ ውስጥ ተንጠልጥለው የቆዩት 34 ኖቶች ስልኬ ላይም ላፕቶፑ ላይም ከነቀናቸው ታዩ፣ በእጄ ያወጣኋቸውን ጽሑፎች ግን አላጠፋኋቸውም። መሳቢያው ውስጥ ያለው ዲስክ እስካሁን አልተሰካም።